ፖርትላንድ የመቶ ዓመት አስተዳደሯን እንዴት ቀየረች?

በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የምትገኘው ፖርትላንድ ከ1913 እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአምስት ሰዎች ስትተዳደር ኖራለች፤ በአንድ ከንቲባና በአራት ኮሚሽነሮች። አምስቱ ተሰብስበው ሕግ ያወጡ፣ በጀት ያጸድቁ ነበር። ስብሰባው ሲያበቃ ደግሞ እያንዳንዳቸው የያዙትን መሥሪያ ቤት ሊመሩ ይሄዱ ነበር፤ አንዱ ውኃን፣ አንዱ መንገድን፣ አንዱ እሳት አደጋን። ማን የቱን እንደሚይዝ የሚወስነው ከንቲባው ነበር፤ ሲፈልግም ከአንዱ ነጥቆ ለሌላው ይሰጥ ነበር።

የሥርዓቱ መነሻ ቴክሳስ ነው። በ1900 የባሕር ማዕበል ጋልቬስተንን አፈራርሶ ሺዎችን ሲገድል፣ ከተማዋን ቶሎ ለማቋቋም ሥራውን ለኮሚሽነሮች ማከፋፈል ጥሩ መላ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ከተሞች ተከተሏት፤ ኋላ ግን አንድ በአንድ ተዉት። ከትልልቆቹ ከተሞች እስከ መጨረሻው የቆየችበት ፖርትላንድ ናት።

በዚህ አሠራር ስለ ውኃ መስመር ወይም ስለ 911 የአደጋ ጥሪ ማዕከል ምንም ልምድ የሌለው ፖለቲከኛ ኃላፊ ሆኖ ሊቀመጥ ይችል ነበር። ለመሥሪያ ቤቱ በጀት ከባልደረቦቹ ጋር የሚሻማውም፣ ያንኑ መሥሪያ ቤት መቆጣጠር የነበረበትም እሱ ነበር። የባሰው ግን ሌላ ነበር። አምስቱም የሚመረጡት ከመላው ከተማ ስለነበረ የራሱ ወኪል ያለው ሰፈር አልነበረም። ከ82ኛው ጎዳና በስተምሥራቅ ከከተማዋ ሕዝብ ሩብ ያህሉ ይኖራል፤ ብዙዎቹ ስደተኞችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ናቸው፤ በርካታ መንገዶችም የእግረኛ መሄጃ የላቸውም። ከዚያ ሰፈር ምክር ቤት የገባ ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። የእግረኛ መንገድ ይሠራልን የሚል ነዋሪ መንገድን የያዘው ኮሚሽነር ማን እንደሆነ አጣርቶ ደጅ መጥናት ነበረበት። ከንቲባው መሥሪያ ቤቱን ለሌላ ከሰጠው አቤቱታው እንደገና ከሀ ይጀምር ነበር።

ይህን ሥርዓት የመለወጥ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ እየቀረበ ደጋግሞ ወድቋል፤ በ2002ም በ2007ም። በ2007 ግን ያው መራጭ ሌላ ነገር አጽድቋል፦ ቢያንስ በየ10 ዓመቱ 20 አባላት ያሉት የነዋሪዎች ኮሚሽን የከተማዋን ቻርተር፣ ማለትም መተዳደሪያ ሕጓን፣ እንዲመረምር። ከ20ው 15ቱ ከተስማሙ ሐሳባቸው የምክር ቤቱን ይሁንታ ሳይጠይቅ በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ይመስለኛል። ሪፖርት ጽፎ የሚበተን ኮሚቴ ማቋቋም ቀላል ነው፤ የምርመራው ውጤት ሥልጣናቸውን የሚነካባቸው ሰዎች መደርደሪያ ላይ እንዳያስቀሩት ማድረግ ግን ከባድ ነው።

በ2020 የተሰየመው ኮሚሽን 17 ለ3 ተስማማ። ከንቲባው የምክር ቤት አባልነቱ ይቅር፣ መሥሪያ ቤቶቹን ባለሙያ ሥራ አስኪያጅ ይምራ፣ ምክር ቤቱ ከአራት የምርጫ ክልሎች ሦስት ሦስት ሆነው የሚመረጡ 12 አባላት ይኑሩት አለ። ሁሉም በአንድ ጥያቄ መቅረቡ አጨቃጭቋል፤ ፍርድ ቤትም ደርሶ ነበር። ተቃዋሚዎቹ መራጩ የወደደውን ከጠላው እንዲለይ ዕድል ይሰጠው ማለታቸው ተገቢ ጥያቄ ነበር። ቢሆንም ክፍሎቹ አንዱ ሌላውን የሚሸከሙ በመሆናቸው ለየብቻ ቢጸድቁ የሚያስኬዱ አልነበሩም። በኅዳር 2022 ከመራጩ 58 በመቶ ያህሉ ደገፈው።

አብሮ የጸደቀው አዲሱ የምርጫ ዘዴ ማብራሪያ ይፈልጋል። መራጩ ዕጩዎችን በደረጃ ያስቀምጣል፤ ከክልሉ ድምፅ ከሩብ በላይ ያገኘ ያልፋል። 12,000 ሰው ድምፅ ቢሰጥ 3,001 ያገኘ ገባ ማለት ነው። ትርፍ ድምፁ ወደ ደጋፊዎቹ ቀጣይ ምርጫ በክፍልፋይ ይተላለፋል፤ ዝቅተኛ ያገኘው ዕጩ እየወጣ የእሱም ድምፅ ወደ ደጋፊዎቹ ቀጣይ ምርጫ ይዞራል። ስለዚህ ከክልሉ መራጭ ሩብ ያህል የሚሆን ወገን ብዙኃኑ ባይደግፈውም ወንበር ማግኘት ይችላል።

አዲሱ ምክር ቤት በጥር 2025 ሥራ ሲጀምር የራሱን ፕሬዚዳንት ለመምረጥ እንኳ 6 ለ6 እየተከፈለ በርካታ ዙር ድምፅ ሰጥቷል። የአባላቱ ቁጥር ተጋማሽ መሆኑ ያመጣው ጣጣ ነው። የሚቀጥለው የነዋሪዎች ኮሚሽን ሲሰየም ከፊቱ ከሚያገኛቸው ጥያቄዎች አንዱ 12ን 13 ማድረግ ይሻል እንደሆነ ሊሆን ይችላል።