ቀንድ አልባዋ ፍየል፦ ለእርባታ የሚገዛ ሰው ስለ ቀንድ ለምን ይጠይቃል?

ለቄራ በሚሸጥ ፍየል ላይ የቀንድ መኖር አለመኖር ዋጋ አይለውጥም። ገዢው የሚያየው ክብደቱን፣ ጥርሱንና ጤናውን ነው። ለእርባታ የሚገዙ ሴት ፍየሎች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በተለይ የሳነን፣ የቶገንበርግ ወይም የአልፓይን ደም ያላቸውን የወተት ፍየሎች ድንበር አሻግሮ የሚሸጥ ነጋዴ፣ "ቀንድ ስለሌላቸው አይዋጉም፣ ለመኪናም ይመቻሉ" ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ ሲጠየቅ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ምክንያቱ ፎክስ-ኤል-2 የሚባል ዘረመል ነው። ይህ ዘረመል ምን እንደሚሠራ በግልጽ ያሳየን ደግሞ የላቦራቶሪ አይጥ ነው።

ፎክስ-ኤል-2 ሳይንቲስቶች ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ከሚሏቸው ዘረመሎች አንዱ ነው። የእነዚህ ሥራ ከበረት ጠባቂ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ራሳቸው ወተትም ሥጋም አይሠሩም፤ ሌሎች ዘረመሎች መቼና የት ሥራ እንደሚጀምሩ፣ የትኞቹም ተዘግተው እንደሚቆዩ ይወስናሉ። ፎክስ-ኤል-2 በዋናነት የሚሠራው በሴቷ የእንቁላል እጢ ውስጥ፣ እንቁላሉን ከበው በሚመግቡት ሴሎች ላይ ነው።

በ2004 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች ይህ ዘረመል ከተፈጥሮ የጎደላቸውን አይጦች አጥንተው ውጤቱን አወጡ። ሴቶቹ አይጦች የእንቁላል እጢ ይዘው ተወለዱ፤ ነገር ግን እንቁላሎቹን የሚያሳድጉት ሴሎች በወጉ ስላልበሰሉ መካን ሆኑ። ከዚያ በ2009 ከሃይደልበርግና ከለንደን የመጡ ተመራማሪዎች የበለጠ አስገራሚ ነገር አሳዩ። ዘረመሉን ያጠፉት በጽንስ ጊዜ ሳይሆን አይጧ ጤናማ ሆና ካደገች በኋላ ነበር። በሦስት ሳምንት ገደማ የእንቁላል እጢዋ ሴሎች የወንድ ቆለጥ ሴሎችን መምሰል ጀመሩ፤ የወንዴ ሆርሞን መጠኗም ወደ ወንዶቹ ደረጃ ወጣ። የወንድ ዘር ግን አላመረተችም። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች የእንስሳ ጾታ በጽንስ ጊዜ አንዴ ተወስኖ የሚያበቃ ነገር አድርገው ያዩት ነበር። አይጧ ያሳየችው ግን የሴቷ እጢ ሴት ሆኖ እንዲቆይ ጠባቂው ዕድሜ ልክ በሩ ላይ መቆም እንዳለበት ነው። በ2011 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ተቃራኒውን አገኙ፤ ዲኤምአርቲ-1 የተባለውን ዘረመል ካደገ ወንድ አይጥ ቆለጥ ላይ ሲያጠፉ ፎክስ-ኤል-2 ተነሣ፣ ሴሎቹም ወደ ሴት ሴልነት ማዘንበል ጀመሩ።

በሰውም ላይ ይህ ዘረመል ሲበላሽ የዓይን ቆብ መጥበብና መውደቅ የሚታይበት በዘር የሚተላለፍ ችግር ይመጣል፤ አንዳንድ ሴቶችም ገና በወጣትነት የመውለድ አቅማቸውን ያጣሉ።

ወደ ፍየሏ እንመለስ። ቀንድ አልባነትና ፍናፍንትነት በፍየል ላይ አብረው እንደሚሄዱ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው አስዴል ገና በ1944 ጽፎ ነበር። ምክንያቱ የተገኘው በ2001 ነው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በቀንድ አልባ ፍየሎች አንደኛ ክሮሞዞም ላይ 11,700 ያህል የዘረመል ፊደላት መጉደላቸውን አረጋገጡ። የጎደለው ራሱ ፎክስ-ኤል-2 አይደለም፤ ከሩቅ ሆኖ እሱን የሚቀሰቅሰው ክፍል ነው። ጠባቂው አለ፣ የሚቀሰቅሰው ግን የለም እንደማለት ነው። አይጥና ፍየል የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ዘረመሉ ከመጀመሪያው የጎደላት ሴት አይጥ የእንቁላል እጢ ይዛ ትወለዳለች። ሴት ፍየል ግን ገና በእናቷ ማህፀን እያለች እጢዋ ወደ ቆለጥነት ይዞራል። በ2014 ፎክስ-ኤል-2ን ለይቶ በማጥፋት የተደረገ የፍየል ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል። ስለዚህ እንዲህ ያለችውን ፍየል በሆርሞን መርፌ "አስረግዛታለሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ለነጋዴ የሚጠቅመው የውርስ ስሌቱ ነው። ቀንድ አልባነት ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይታያል። ፍናፍንትነቱ ግን የሚመጣው ጉድለቱ ከአባትም ከእናትም ሲወረስ፣ ያውም በሴት ግልገል ላይ ብቻ ነው። ቀንድ ያለው አውራ ጉድለቱን አይሸከምም፤ ስለዚህ ቀንድ ካለው አውራ የተወለደች ቀንድ አልባ ሴት ከዚህ ችግር ነፃ ናት። ሁለቱም ወላጆች ቀንድ አልባ ከሆኑና እያንዳንዳቸው አንድ ጉድለት ብቻ ከተሸከሙ ግን ሴት ሆነው ከተፀነሱት አራት ግልገሎች በአማካይ አንዷ ፍናፍንት ትሆናለች። አውራው ሁለቱንም ጉድለት የተሸከመ ከሆነ ግማሾቹ ይሆናሉ።

ለስሌት ያህል፣ ለእርባታ የምትሸጥ ሴት ፍየል 10,000 ብር፣ በሥጋ ዋጋ ደግሞ 7,000 ብር ብታወጣ እንበል። ሃያ ገዝታችሁ አምስቱ ፍናፍንት ቢሆኑ ልዩነቱ 15,000 ብር ነው። መልሶ ለማቋቋም ሥራ በጨረታ የምታቀርቡ ከሆነ ደግሞ ኪሳራው እዚህ ላይ አይቆምም፤ ፍየሏን የተረከበው አርብቶ አደር ዓመት ሙሉ መግቦ ግልገል ሳያይ ይቀራል፣ እናንተም በቀጣዩ ጨረታ ስማችሁ ይነሣል።

ገበያ ላይ ጅራቱን ማንሳት አትርሱ። ብልቷ ያነሰ፣ ጫፉ ላይ እንደ አተር ያበጠ ነገር ያለበት፣ ወይም ከፊንጢጣዋ ያለው ርቀት ከሌሎቹ የሰፋ ከሆነ ተዉት። እንደ ወጠጤ የምትሸት፣ አንገቷ የወፈረ፣ ሌሎችን የምትሰር "ሴት"ም እንዲሁ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ወንድ ይመስላሉ፤ አነስተኛ ቆለጥ ይኖራቸዋል እንጂ አያስረግዙም። ወንድ ግልገል ከሴት እጅግ የበዛበት ቀንድ አልባ መንጋ ካያችሁም ጠርጥሩ፣ ከወንዶቹ መካከል ሴት ሆነው የተፀነሱ ሊኖሩ ይችላሉ። ቀንድ አልባ አውራ ስትገዙ ደግሞ ቆለጡን በእጅ ዳብሱ፤ ጉድለቱን ከሁለቱም ወላጆች የወረሱ አንዳንድ አውራዎች የዘር ቱቦአቸው ስለሚደፈን ከቆለጡ ጫፍ ላይ ጠጣር እብጠት ይገኛል።

ቀንዷ በግልገልነቷ በጋለ ብረት የተተኮሰባት ፍየል ግን ከዚህ ወሬ ውጭ ናት። የጠባሳውን ቦታ በጣት ፈልጉት። ጥርጣሬ ካለና ገንዘቡ ከበዛ ጉድለቱን ከደም ወይም ከፀጉር ናሙና የሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ አለ።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ጥቁር ራስ የሶማሌ በጎችን እንዳትሸሹ። የበግ ቀንድ አልባነት የሚያያዘው ከሌላ ዘረመል ጋር ነው፣ ሴቶቹን መካን አያደርግም። የከብቱም እንዲሁ ነው፤ አንገስ ላሞች ከነቀንድ አልባነታቸው በዓለም ዙሪያ ይወልዳሉ። መካን የምትሆነው ጊደር ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደችው ናት፣ እሷም ቀንድ ኖራት አልኖራት ለውጥ የለውም።