ሲፓፕ አጥልቆ አድሮ፣ ደክሞት የሚነሳ ሰው

“ሲፓፕ ሳንባ ያሰንፋል፤ ኦክስጅኑ ሱስ ያስይዛል፤ ላስታ ላይማ ከነጭራሹ አይሠራም።” ይህ ወሬ ቢበቃው ጥሩ ነው። ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው ሁሌም አንድ ነው፦ ከውጭ የተላከለትን ማሽን አጥልቆ ያደረ ሰው ጠዋት ዝሎ ተነሳ። መዛሉ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ከመዛሉ አይከተልም።

ሲፓፕ ኦክስጅን አይሰጥም፤ የክፍሉን አየር በግፊት ወደ ጉሮሮ የሚነፋ ሞተር ነው። በኮቪድ ዘመን ከኦክስጅንና ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ጋር አብሮ መጠራቱ ስሙን ያበላሸው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ ሲድኒ ላይ ሲያስተዋውቁት የሰጡት ሥራ አንድ ነበር፦ ስሊፕ አፕኒያ ያለበት ሰው ሲተኛ ላልቶ የሚደፈነውን ጉሮሮ ከፍቶ ማሳደር።

የተለመዱትን የድካም ምክንያቶች ቶሎ ልለፋቸው። ጭንብሉ አየር ካሾለከ ወይም እኩለ ሌሊት ላይ ከወለቀ ጥቅሙ ይጎድላል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ይጠፋል። ማሕሌት ቆሞ ላደረ ሰው ደግሞ ያልተኛውን እንቅልፍ የሚተካለት ማሽን የለም። ለላስታ የሚበጀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጉሮሮው ተከፍቶለት ሳለ አንጎል “ተንፍስ” ማለቱን ቢተውስ?

በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽን በዋናነት የሚመራው በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከአንድ ደረጃ በታች ከወረደ አንጎል ትእዛዙን ያቆማል፤ ሲጠራቀም መልሶ ያዛል። የላስታዋ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ኦክስጅን ሲሳሳ ሰውነት አብዝቶ ይተነፍሳል፤ አብዝቶ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተጠርጎ ወደዚያ ደረጃ ይጠጋል። ከዚያ ወዲያ አንድ ጥልቅ ትንፋሽ ወይም አንድ መገላበጥ ይበቃል፤ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ጋዙ ሲጠራቀም አንጎል ደንግጦ ከልክ በላይ ያስተነፍሳል፤ ጋዙ እንደገና ይጠረጋል፤ ትንፋሹም እንደገና ይቆማል። እንዲህ ሲዋዥቅ ይነጋል።

ጥፋቱ የመልእክቱ መዘግየት ነው። ከሳንባ የወጣው ደም አንገትና አንጎል ላይ ያሉት ዳሳሾች ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። በእንጨት እንጀራ የምትጋግር ሁሉ ይህን ታውቃለች፦ ምጣዱ በረደ ብላ እንጨት ትጨምራለች፤ ሙቀቱ ዘግይቶ ይመጣና እንጀራው ያርራል፤ እንጨቱን ስትጎትት ደግሞ ቀጣዩ እንጀራ ዐይን አያወጣም። የለመደች ጋጋሪ ቀድማ ትገምታለች። የተኛ አንጎል አይገምትም።

ሲፓፕ በጀመሩ ሰዎች ላይ ይህ መዋዠቅ ከፍታ በሌለበትም ይታያል፤ በተለያዩ ጥናቶች ከ5 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ተመዝግቧል። ማሽኑን ካላቋረጡ በአብዛኞቹ ላይ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይጠፋል። ብዙ አዳዲስ ማሽኖች ራሳቸው ይለዩታል፦ ትንፋሽ ሲቆም ጥቃቅን የግፊት ንዝረት ይልካሉ፤ ጉሮሮው ክፍት ከሆነ ንዝረቱ ዘልቆ ይገባል፣ ከተደፈነ ግን አይገባም። ሁለቱ ለየብቻ ይመዘገባሉ። ጉሮሮ ክፍት ሆኖ የተቋረጠው ትንፋሽ ከበዛ፣ ግፊት መጨመር ሊያባብሰው ይችላል።

“ላስታ ላይ አይሠራም” የሚለው ወሬ ቅንጣት እውነት አላጣም። በስፋት የሚታወቀው ኤርሴንስ 10 የተባለው የሲፓፕ ማሽን እስከ 2,591 ሜትር ድረስ እንዲሠራ የተበጀ ነው። የላሊበላ ከተማ ለጥቂት ገባች፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው የአሸተን ማርያም አካባቢና በአቡነ ዮሴፍ ተዳፋት ላይ ያሉ መንደሮች ግን ከመስመሩ ውጭ ናቸው። አንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ደግሞ ከፍታው በእጅ ካልተሞላላቸው ግፊታቸው ይዛነፋል።

እዚህ ላይ ግን ረጋ ማለት ያሻል። ለገና ከዋሽንግተን የሚመጣ ታካሚ ጉዳይ ግልጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት፣ በዝቅተኛ ቦታ የሚኖሩ ሕሙማን 2,590 ሜትር ላይ ሲያድሩ ሲፓፕ ከአሴታዞላማይድ መድኃኒት ጋር ከሲፓፕ ብቻ የተሻለ እንደሆነ አሳይቷል። የላስታ ተወላጅስ? እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ለክተው፣ ሄሞግሎቢናቸውም የደማቸው ኦክስጅንም ከባሕር ጠረፍ ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝተውታል። ኦክስጅናቸው ካልወረደ መዋዠቁም ሊቀንስ ይገባል። ይሁንና የተለኩት ነቅተው ነው፤ በኋላ የወጡ ጥናቶችም ሁሉም ያንኑ ውጤት አላገኙም። ስለዚህ “ደገኛ ነኝ፣ አይነካኝም” ማለትም ችኮላ ነው።

የማሽኑ መዝገብ ንጹሕ ሆኖ ድካሙ ካልለቀቀ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ እጢ መዳከምና ድባቴ ይመርመሩ። ሕክምናው በትክክል እየሠራላቸውም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ለእነሱም ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ። ማሽኑን ሣጥን ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ይዘውት ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ የየሌሊቱ መዝገብ ያለው እዚያው ውስጥ ነው።