ከጨረር ሕክምና የተመለሰ ውሻ

በአሜሪካ በአንዳንድ የእንስሳት ሕክምና ማዕከላት፣ ለምሳሌ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በካንሰር የታመመ ውሻ እንደ ሰው የጨረር ሕክምና ያገኛል። የውሻው ባለቤት ሊያነሣው የሚችለው አንድ ጥያቄ ለፊዚክስ ተማሪም የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው እዚህ እንመለከተዋለን፤ «ዛሬ ማታ ላቅፈው እችላለሁን?» የሚል ነው።

በውሻ አፍንጫ ውስጥ የበቀለ የካንሰር እብጠት እንውሰድ። እብጠቱ ለዓይንና ለአንጎል ቅርብ በመሆኑ በቀዶ ሕክምና ብቻ ማስወገድ አዳጋች ነው። ስለዚህ ሊኒየር አክስለሬተር የተባለው መሣሪያ ኤሌክትሮኖችን አፋጥኖ ከታንግስተን ጋር ያላትማቸዋል፤ ከግጭቱ የሚወጣው ኃይለኛ ኤክስሬይም በእብጠቱ ላይ ያነጣጥራል። ጨረሩ የሕዋሳቱን ዲ.ኤን.ኤ ይሰባብራል። ጤናማ ሕዋሳት ጉዳታቸውን ከካንሰሩ ሕዋሳት በተሻለ ሁኔታ ስለሚጠግኑ፣ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ለሚደርሱ ቀናት ተከፋፍሎ ይሰጣል።

ባለቤቶችን የሚፈትነው ይኸው ነው። ሰው «አትንቀሳቀስ» ቢባል ይታዘዛል፤ ውሻ ግን በየቀኑ ማደንዘዣ መውሰድ አለበት። ሳምንታት ሲያልፉ አፉና ቆዳው ይቆስላል፣ ጸጉሩ ይረግፋል፤ ሲመለስም ነጭ ሆኖ ሊበቅል ይችላል። ዓይኑ ጨረር ካገኘው ቆይቶ ሞራ ሊጋርደው ይችላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ያራዝማል እንጂ ፈጽሞ አያድንም። አንዳንዶች ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰጠውን ማስታገሻ ጨረር ይመርጣሉ፤ እኛ ይህን ሽንፈት ብለን አንጠራውም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። አምፖል ሲጠፋ ብርሃኑ በግድግዳው ላይ ተከማችቶ እንደማይቀር ሁሉ፣ መሣሪያው ሲጠፋ በውሻው ሰውነት ውስጥ የሚቀር ኤክስሬይ የለም። ስለዚህ ሊታቀፍ ይችላል (ቁስሉ ሳይነካ)።

ይህ መልስ ግን ለድመቷ አይሠራም። የታይሮይድ ዕጢዋ ከመጠን በላይ የሚሠራ ድመት አዮዲን-131 በመርፌ ትወስዳለች። የዕጢው መዛባት መንስኤ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ግን ካንሰር ይሆናል። እዚህ ላይ የጨረሩ ምንጭ ራሱ በሰውነቷ ውስጥ ነው። የአዮዲን-131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ያህል ነው፤ በ16 ቀን ሩቡ፣ በ24 ቀን ስምንተኛው እጅ ይቀራል። ከፊሉ በሽንት ስለሚወጣ በሰውነቷ ያለው ከዚህም ፈጥኖ ይቀንሳል። በመሆኑም ለቀናት በሕክምና ቦታው ትቆያለች፤ ቤት ከገባች በኋላም ባለቤቷ ለተወሰነ ጊዜ አብሯት እንዳይተኛ፣ የምትጸዳዳበትንም አሸዋ በጓንት እንዲይዝ ይነገረዋል። ለእርሷ ግን የነገራት የለምና፣ እንደ ልማዷ ጭኑ ላይ ልትተኛ ትመጣለች።