ደጅ አንኳኩተው «ጣሪያዎ ተበላሽቷል» ከሚሉ አታላዮች ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ክረምት ሲቃረብ፣ በተለይም በግንቦትና በሰኔ ወራት፣ የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች ባለቤቶች ጣሪያቸውን ያስጠግናሉ። ወቅቱ ለሐቀኛ ባለሙያዎች የሥራ ጊዜ እንደሆነ ሁሉ፣ መሰላል ተሸክመው በየሰፈሩ ለሚዞሩ አታላዮችም የተመቸ ነው።

የማታለያው አካሄድ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በር አንኳኩተው ጎረቤት ቤት ሲሠሩ መቆየታቸውንና ከዚያ ሆነው የዚህኛው ቤት ክዳን መላላቱን ማየታቸውን ይናገራሉ። ለምርመራው ክፍያ እንደማይጠይቁ ገልጸው አንደኛው ወደ ላይ ይወጣል። ከታች የቆመው ባለቤት ጣሪያው ላይ የሚደረገውን ማየት አይችልም። የወጣው ሰው ደኅናውን ሚስማር ሊነቅል፣ ቆርቆሮውን ሊበሳ ወይም ይዞት የወጣውን የዛገ ቁራጭ ከዚያው የተገኘ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ቀጥሎ ጥድፊያ ይመጣል፤ ዝናቡ ዛሬ ማታ እንደሚጥል፣ የቆርቆሮ ዋጋ ነገ እንደሚጨምር ይነገራል። ቀብድ ተቀብለው ዕቃ ለመግዛት የሄዱት ሰዎች ሳይመለሱ ይቀራሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ክዳኑን እስከ ግማሽ ካነሱ በኋላ ዋጋውን በእጥፍ የሚያሳድጉት ተግባር ነው፤ ቤቱ ለሰማይ ተገልጦ ሳለ ባለቤቱ የመደራደር አቅም አይኖረውም።

ለዚህ ድርጊት ይበልጥ የተጋለጡት ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንና ልጆቻቸው በውጭ አገር የሚገኙ ወላጆች ናቸው። የተበሳ ቆርቆሮ ፎቶግራፍ ባሕር ማዶ ላለ ልጅ ተልኮ «ቤቱ በእናታችሁ ላይ ሊፈስ ነው» ሲባል ገንዘቡ በዚያው ቀን ሊላክ ይችላል። በእነዚህ ቤተሰቦች ዘንድ፣ አንድ የሚታመን ዘመድ ወይም ጎረቤት በአካል ተገኝቶ ሳያይ ገንዘብ እንዳይላክ አስቀድሞ መስማማት ይበጃል።

ዋነኛው ጥንቃቄ ሳይጠራ የመጣን ማንኛውንም ሰው ወደ ጣሪያ አለማስወጣት ነው። ጎረቤት ዘንድ ሠርተናል የሚሉ ከሆነም ጎረቤቱን ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ብዙዎች ይህን ቀላል ነገር በይሉኝታ ሳያደርጉት ይቀራሉ፤ ሐቀኛ ባለሙያ ግን በመጠየቁ አይከፋም።

የጣሪያን ሁኔታ በመጠኑም ቢሆን ከቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል። ኮርኒስ በሌለው ክፍል በቀትር ጊዜ መስኮትና በር ዘግቶ ወደ ላይ ሲታይ፣ የተበሳ ቦታ ካለ ብርሃን ያስገባል። ኮርኒስ ባለው ቤት ደግሞ ውኃ ያረፈበት ቦታ እድፍ ይተዋል። እድፉ ከግድግዳው ጥግ ብቻ ከሆነ ችግሩ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ቆርቆሮ መለወጥን አይጠይቅም።

ጥገና በእርግጥ የሚያስፈልግ ሆኖ ሲገኝ ማጭበርበር በዕቃው ላይም ሊፈጸም ይችላል። የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ የሚለካ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፤ ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32፣ ባለ 32ም ከባለ 35 ይወፍራል። ይህን የማያውቅ ሰው «35 ይሻላል» ሲባል የሳሳውን በወፍራሙ ዋጋ ሊገዛ ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ ከመደብር በደረሰኝ ገዝቶ ለሠራተኛው የእጅ ዋጋ ብቻ ቢከፍል ይመረጣል። ሥራው ሲከናወን ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ከፍ ባለው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ዝቅ ባለው መስመር ላይ አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ቀዳዳን በሬንጅ ብቻ መሸፈን ደግሞ ዘላቂ ጥገና አይደለም።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቆርቆሮው ብዛትና ጌጅ፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የሚጠናቀቅበት ቀንና የአከፋፈሉ ሁኔታ በጽሑፍ ሰፍሮ በምስክሮች ፊት መፈረም ይኖርበታል። የሠሪው መታወቂያ ቅጂ ከውሉ ጋር ይያያዛል፤ ድርጅት ከሆነ የጸና የንግድ ፈቃዱ ይታያል። ክፍያው ሥራው እየታየ በየደረጃው ቢፈጸምና የተወሰነው ክፍል ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ እንዲከፈል ቢደረግ ለባለቤቱ ዋስትና ይሆናል። በባንክ ወይም በቴሌብር ሲከፈል የተቀባዩ ስም በመታወቂያው ላይ ካለው ስም ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።

ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 መሠረት ያስቀጣል። ገንዘብ ከተወሰደ በኋላ ብዙዎች በእፍረት ዝም ስለሚሉ ያው ቡድን ወደሚቀጥለው ሰፈር ይሸጋገራል። የተታለለ ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት፣ በፈቃድ የሚሠራ ድርጅት ከሆነም ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የስልክ ቁጥራቸው፣ የተሽከርካሪያቸው ሰሌዳ፣ የክፍያ መልእክቱና የተጎዳው ጣሪያ ፎቶግራፍ ለምርመራው ይጠቅማሉ። የክፍያ መልእክቱ ከስልክ ላይ እንዳይሰረዝ፣ ጥለውት የሄዱት ዕቃም ፖሊስ ሳያየው ከቦታው እንዳይነሳ ጥንቃቄ ይደረግ።