ሰንጢ ስትገዙ ለብረቱ እንጂ ለብልጭታው አትክፈሉ

በየቤታችን ከማለዳ እስከ ማታ ከእጅ የማይጠፋ መሣሪያ ቢኖር ስለት ነው። ሽንኩርቱ የሚከተፈው፣ ድንቹ የሚላጠው፣ ጎመኑ የሚቀረደደው፣ ዶሮዋ በአሥራ ሁለት ብልት የምትወጣው በስለት ነው። ይሁን እንጂ ገበያ ወጥቶ ስለቱን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ አባወራው ሲሆን፣ በደነዘ ስለት ስትታገል የምትውለው እመቤቲቱ ናት። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን እናቶችና እህቶች በአነስተኛ ገንዘብ ዕድሜ ያለው ሰንጢ እንዴት ሊያገኙ እንደሚችሉ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ሰንጢ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ጠብና ወደ ጎረምሳ ኪስ ይሄዳል። ሰንጢ ማለት ግን ስለቱ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባ ትንሽ ቢላዋ እንጂ ሌላ አይደለም። ይህም ጠባዩ ለባለ ቤት ሴት ሁለት ጥቅም ይሰጣታል። አንደኛ፣ ሲታጠፍ ስለቱ ስለሚሸፈን ሕፃናት በሚርመሰመሱበት ቤት ሜዳ ላይ ከተጣለ ቢላዋ የተሻለ ነው። ሁለተኛ፣ በመቀነት ተቋጥሮ ወይም በዘንቢል ገብቶ እርሻም፣ ገበያም፣ ዘመድ ጥየቃም አብሮ ይሄዳል። ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ የምትኖር የገበሬ ባለቤት የጆንያ አፍ ለመፍታት፣ ገመድ ለመቁረጥ፣ ጌሾ ለመቀንጠብ፣ ለልጇ ፍሬ ለመላጥ በየጊዜው ወደ ጓዳ መመለስ አያስፈልጋትም።

ሦስት የመግዣ መንገዶች

ገበያ የወጣ ሰው ሦስት መንገድ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው ከውጭ አገር የመጣ የፋብሪካ ሰንጢ ነው። ከነዚህ መካከል መልካም የሆኑት ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ ርካሾቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከስስ ብረት ተቆርጠው የሚያብረቀርቅ ቅብ የተቀቡ በመሆናቸው ጥቂት ሳምንት ሠርተው ይደነዝዛሉ። ሁለተኛው ባለ እጁ ሠርቶ ለገበያ ያወጣው ነው። ሦስተኛው፣ ብዙዎቻችን የማናስበው፣ ግማሹን ማዘዝ ነው። ስለቱን ባለ እጁ እናንተ በመረጣችሁት ብረትና በሰጣችሁት ልክ ይሠራዋል፤ እጀታውን ደግሞ አናጢ ወይም በቤት ውስጥ እጁ የሚቀና ሰው ያበጀዋል።

ኪሷ ላልሞላ ሴት የሚሻለው ይህ ሦስተኛው ነው። ክፍያው በአንድ ቀን አይወርድባትም። ከሁሉም በላይ ግን ገንዘቧን ለጌጥ ሳይሆን ለሚቆርጠው ክፍል ታውለዋለች። በሌላውም ዓለም ለድሃ ገበሬ የሚሆን ሰንጢ የተገኘው በዚሁ ሐሳብ ነው። በፈረንሳይ አገር በሳቮይ ተራሮች ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 መሥራት የጀመረው ሰንጢ አንድ ስለት፣ አንድ የእንጨት እጀታና አንድ መጋጠሚያ ብቻ ነበረው። ጌጥ የለውም፤ ዋጋው ቀላል ነው፤ ተመሳሳዩ እስከ ዛሬ ይሸጣል።

ብረቱን መለየት

የስለት ዕድሜ የሚወሰነው በብረቱና በአጠነካከሩ ነው። ለግንብ ሥራ የሚውለው ፌሮ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ምንም ቢቀጠቀጥ ጥሩ ስለት አይወጣውም። የመኪና ባልስትራ ግን ከመቶ ግማሽ ያህል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ካርቦን ስላለው ግሎ ሲነከር ይጠነክራል። ያረጀ ሞረድ ደግሞ ካርቦኑ ከዚህም ስለሚበልጥ ከሁሉ የተሻለ ስለት ይሆናል። ከጋራዥ የወደቀ የባልስትራ ቁራጭ ወይም ከአናጢ ዘንድ የተጣለ ሞረድ ብታገኙ ይዛችሁ ሂዱ፤ የብረቱን ዋጋ አተረፋችሁ ማለት ነው።

ብረቱ ጥሩ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ስለቱ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ግሎ መነከር አለበት፤ ይህ ያጠነክረዋል። ከዚያ በኋላ በመለስተኛ ሙቀት ዳግመኛ ካልሞቀ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ለባልስትራ ከውሃ ይልቅ ዘይት ይመረጣል፤ ውሃ ብረቱን በድንገት ስለሚያቀዘቅዘው ሊሰነጥቀው ይችላል። እነዚህን ሁለት ሥራዎች ባለ እጁ መሥራቱን ጠይቁ።

የተሠራውን ለመፈተን ሦስት ቀላል ዘዴ አለ። የመጀመሪያው፣ ስለቱን በሞረድ ጫፍ በጥቂቱ ማስነካት ነው። ሞረዱ በቀላሉ ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው፤ መንሸራተት ከጀመረ ጠንክሯል። ሁለተኛው፣ በደረቅ እንጨት ላይ አራት አምስት ጊዜ ከቆረጡ በኋላ ስለቱን ማየት ነው። ከታጠፈ ለስላሳ ነው፤ ከተሸረፈ ከልክ በላይ ደርቋል። ሦስተኛው፣ ስለቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ነው። በጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ካበራ ገና አልተሳለም ማለት ነው፤ የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም።

መጋጠሚያውና እጀታው

ተራ ቢላዋ የሌለው፣ ሰንጢ ግን ያለው ድካም መጋጠሚያው ነው። ስለቱን ከፍታችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁት። ከተወዛወዘ አትግዙት፤ ዛሬ ጥቂት የሚወዛወዝ ነገ ጣት ላይ ይታጠፋል። ስትዘጉት የስለቱ ጫፍ ከእጀታው ውጭ መታየት የለበትም። ስትከፍቱትም በእጅ ኃይል እንጂ በራሱ ተወርውሮ መከፈት የለበትም። በሽቦ ጥምዝ ተፈናጥሮ የሚከፈተው ዓይነት ለጓዳ አይሆንም፤ ልጅ ሲነካው አደጋ ነው።

ልኩን በተመለከተ አራት ጣት ያህል ስለት ለዕለት ሥራ ይበቃል። እጀታው ከዚህ አንድ ጣት ያህል ይርዘም። የወንድ እጅና የሴት እጅ እኩል ስላይደለ፣ የሚይዘው ሰው ራሱ ጨብጦ ማየት አለበት። ለእጀታ የደረቀ ወይራ መልካም ነው። እርጥብ እንጨት ግን ኋላ ሲደርቅ ይሰነጠቅና መጋጠሚያውን ያላላዋል። ቀንድ ለዓይን ያምራል፤ ሆኖም በበጋ ድርቀት ሊጣመም ስለሚችል አልፎ አልፎ ዘይት ይፈልጋል። ገንዘብ ያነሳት እህት መጀመሪያ ስለቱንና መጋጠሚያውን ታሠራ፤ እጀታው ለጊዜው ተራ እንጨት ቢሆን አይጎዳም፤ ኋላ ይቀየራል።

ከወናፉ አጠገብ መቀመጥ

እስካሁን የዘረዘርነው ሁሉ የሚሆነው ግን ገዢዋ ከሠሪው ጋር ፊት ለፊት ስትነጋገር ነው። እዚህ ላይ አንድ የቆየ እንቅፋት አለ።

በጎንደርና በአካባቢዋ ለብዙ ዘመን ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውንና ቢላዋውን ይሠሩ ከነበሩት መካከል ቤተ እስራኤሎች ቀዳሚዎቹ ነበሩ። ወንዶቹ ብረት፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ገበሬው ያለ እነርሱ ማረሻ ማረስ አይችልም፤ ሆኖም ርስት ነሣቸው፤ ‹‹ቡዳ›› እያለ ስማቸውን አጠፋ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብሎም አወራ። ከነርሱም ሌላ ብረት የቀጠቀጠ፣ ቆዳ የፋቀ፣ ሸማ የሠራ ሁሉ ከዚህ ስድብ አላመለጠም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ አገር የሚጎዳ መሆኑን አይተው ነው። ቤተ እስራኤሎች በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች በብዛት ወደ እስራኤል ሄደዋል። ከጎንደር ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ ዛሬም ስሟ ከነርሱ ሙያ ጋር ይነሣል። የብረቱን ሥራ ሌሎች እጆች ይዘውታል፤ ንቀቱ ግን ከሄዱት ሰዎች ጋር አብሮ አልሄደም። በአንዳንድ ቤት ዛሬም ለልጅ ሚስት ሲታጭ የባለ እጅ ዘር ይመረመራል።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ንቀት የመጀመሪያው ተጎጂ ባለ እጁና ቤተሰቡ መሆናቸው ግልጽ ነው። ሁለተኛዋ ተጎጂ ግን እመቤቲቱ ራሷ ናት። ዓይኑን ፈርታ ወይም ጎረቤት ምን ይለኛል ብላ ከወናፉ አጠገብ የማትቀርብ ሴት ሰንጢውን በልጅ ታስመጣለች ወይም ከነጋዴ ትገዛለች። ነጋዴው ብረቱ ከምን እንደተሠራ አያውቅም። ልጁ መፈተን አይችልም። እርሷም ስለቱ ሲደነዝዝ ማንን እንደምትጠይቅ ሳታውቅ ሌላ ትገዛለች። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚጣል ርካሽ ሰንጢ ገንዘብ ሲደመር ለአንድ መልካም ሰንጢ ይተርፍ ነበር።

ስለዚህ ራሳችሁ ሂዱ። ‹‹ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ይህ የባልስትራ ቁራጭ ነው፤ አራት ጣት ስለት ያውጡልኝ። ለሽንኩርትና ለድንች ነው፤ ጀርባው ስስ ይሁን። ሲላላ መጥቼ አሳያለሁ›› ማለት ምንም አያስቸግርም። ለምን እንደምትፈልጉት ስትነግሩት ባለ እጁ ውፍረቱን ያስተካክላል፤ ለእንጨት የሚሆን ስለትና ለሽንኩርት የሚሆን ስለት አንድ አይደለም። ቀጠሮ ስጡት፤ አታጣድፉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ! ዋጋውንም አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሥራው ካማረ በኋላ መከራከር ሙያን መናቅ ነው።

አያያዙ

ከባልስትራ ወይም ከሞረድ የተሠራ ስለት ይዝጋል። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ሽንኩርት ከቆረጣችሁ በኋላ ወዲያው አጥባችሁ በጨርቅ አድርቁት፤ መጋጠሚያውን በጠብታ የምግብ ዘይት አርሱት። ለማድረቅ ብላችሁ ከምድጃ ዳር አታስቀምጡት፤ በፍም ላይም አታግሉት። እሳት ስለቱን መልሶ ያለሰልሰዋል፤ ባለ እጁ የደከመበትን በአንድ ጊዜ ታጠፉታላችሁ።

ስትስሉት ስለቱን በድንጋዩ ላይ በጣም አታቁሙት፤ በጣምም አታስተኙት። ልኩን ለማወቅ የደብተር ወረቀት ማዕዘን ውሰዱና ሁለት ጊዜ በእኩል እጠፉት፤ የቀረው ጠባብ ማዕዘን ሃያ ሁለት ዲግሪ ያህል ይሆናል። ስለቱን በዚያ ልክ አጋድማችሁ በሁለቱም ወገን እኩል ሳሉ። በሳምንት ጥቂት ደቂቃ መሳል ሙሉ በሙሉ ከደነዘ በኋላ ከሚደረግ ትግል ይቀላል። የደነዘ ስለት ኃይል ስለሚጠይቅ ከተሳለው ይልቅ እጅ የሚቆርጠው እርሱ ነው።

በመጨረሻም ሰንጢው ሕፃን ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ወደ ባንክ፣ ወደ ፍርድ ቤትና ፍተሻ ወዳለበት ስትሄዱ ቤት ተዉት። ጓዳ የዋለ ስለት ለእትብት መቁረጫ ፈጽሞ አይሁን፤ መንጋጋ ቆልፍ ሕፃኑን የሚገድለው በዚህ መንገድ ነውና ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። እጅ የተቆረጠ እንደሆነ ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ተጫኑት፤ ጥልቅ ከሆነ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ እንዲሰጣችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው ይላሉ አበው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዘንቢላችሁን ስታነሡ አሮጌውን ሞረድ አትርሱ፤ ወደ ባለ እጁም ልጅ አትላኩ፤ ራሳችሁ ሂዱ።