ከገላ ቀጥሎ ምን ይለበስ? ከመንዝ ባና እስከ በረዶ ሸርተቴ

ብርድን የሚከላከለው የትኛው ልብስ ነው ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛው ሰው ወፍራሙን ይመርጣል። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ልብስ በራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ ሙቀት የሚያመነጨው ሰውነት ነው። የልብስ ተግባር ይህ ሙቀት በፍጥነት እንዳያመልጥ ማዘግየት ሲሆን፣ ይህንንም የሚያከናውነው በዋነኛነት በክሮቹ መካከል በያዘው የረጋ አየር አማካይነት ነው። ውኃ ግን ከረጋ አየር ከሃያ እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። ስለዚህ የአየሩን ቦታ ላብ ወይም ዝናብ ሲይዘው ወፍራሙም ልብስ ጥቅሙን ያጣል።

ይህ እውነታ ለሰሜን ሸዋ ደገኛ ተራ የመማሪያ መጽሐፍ ዕውቀት አይደለም። ከፍታው 1,500 ሜትር አካባቢ ከሆነው የጀማ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ መንዝ የሚወጣ መንገደኛን እንውሰድ። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ መንገደኛው 3,000 ሜትርን አልፎ መሐል ሜዳ ሲደርስ አየሩ ከተነሣበት ቦታ በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዝበታል። ሸክም ይዞ አቀበቱን ሲወጣ ሰውነቱ በዕረፍት ጊዜ ከሚያመነጨው ሙቀት አራትና አምስት እጥፍ ያመነጫል፤ ላብም ያጠምቀዋል። አፋፉ ላይ ደርሶ አረፍ ሲል የሙቀት ምንጩ ወዲያው ይቀንሳል፤ ላቡ ግን ከሸሚዙ ውስጥ አለ፤ ነፋሱም አለ። አደጋው የሚጀምረው ሲወጣ ሳይሆን ሲያርፍ ነው።

ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ግራም ላብ ለመትነን 2.4 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ሸሚዙ 200 ግራም ላብ ይዞ ከቀረ፣ እስኪደርቅ ድረስ 480 ኪሎጁል ያስፈልገዋል። ያረፈ ሰው ሰውነት በሴኮንድ 100 ጁል ገደማ ስለሚያመነጭ፣ ያ እርጥብ ሸሚዝ የ80 ደቂቃ የሰውነት ሙቀት ይፈጃል ማለት ነው። ፀሐይ ካለች ከፊሉን እርሷ ትከፍላለች። በጓሳ የማታ ጭጋግ ውስጥ ግን ዋናው ከፋይ ገላ ነው። የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ መንቀጥቀጥና የእጅ መደንዘዝ፣ ብሎም የአእምሮ መደናገር ይከተላል። ይህ እንዲደርስ ደግሞ የግድ በረዶ መኖር የለበትም።

የበረዶ ሸርተቴ ስፖርተኛም ችግሩ ይኸው ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በጣሊያኗ ቱሪን፣ ቀጥሎም በ2002 ዓ.ም. በካናዳዋ ቫንኩቨር በ15 ኪሎ ሜትር የአገር አቋራጭ ሸርተቴ ውድድር ተሰልፎ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወክል፣ በበረዶ መካከል እንደ ማንኛውም ሯጭ ላብ ያልባል። በዚህ ስፖርት ልብስ የሚደረበው በንብርብር ነው፤ ከላይ ነፋስ የሚከላከል፣ ከመካከል አየር የሚይዝ፣ ከገላ ቀጥሎ ደግሞ ላብን የሚያስወግድ። ከሦስቱ ስስ የሆነውና ብዙ ሰው የሚንቀው የመጨረሻው ነው፤ በእኔ ግምት ግን ምርጫው ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው እርሱ ነው።

ጥጥ ለዚህ ቦታ አይመችም። ላብን ይመጣል፣ ይይዘዋል፣ ከገላም ላይ ይለጠፋል። ሱፍ ከዚህ ይለያል። የሱፍ ክር የተሠራው ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ ላዩ ውኃን የሚገፋ፣ ውስጡ ግን የውኃ ተንን የሚስብ ነው። ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ይዞ እንኳ ሲዳሰስ እርጥብ አይመስልም፤ ተንን በሚስብበት ጊዜም ጥቂት ሙቀት ይለቃል። ክሩ የተጠማዘዘ በመሆኑ ሲረጥብም አየር የሚይዝበት ክፍተት አይጠፋም። የመንዝ ሴቶች ፈትለው፣ ሸማኔዎች ሸምነው ያቆዩን ባናና በርኖስ በጭጋግና በካፊያ ውስጥ ያላቸው ዝና በዚህ ይገለጻል።

ታዲያ ባናን ከገላ ቀጥሎ ለምን አንለብሰውም? ስለሚኮሰኩስ ነው። ውፍረቱ ከ30 ማይክሮን የሚበልጥ የሱፍ ክር ጫፉ ሳይታጠፍ ቆዳን ይወጋል። የመንዝ በግ ጠጉር ደግሞ ሻካራ የላይ ጠጉርና ለስላሳ የውስጥ ሱፍ የተቀላቀለበት ነው። ለስፖርተኞች የውስጥ ልብስ የሚሠራበት የሜሪኖ በግ ሱፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ማይክሮን በታች ስለሆነ አይወጋም። ስለዚህ በመንዝ ከባናው ሥር የሚገባው ብዙ ጊዜ የጥጥ ሸሚዝ ነው፤ የአለባበሱ ደካማ ጎንም እዚህ ላይ ይገኛል።

መፍትሔው ከውጭ አገር የሚመጣ ውድ ልብስ መሆን የለበትም። ከሳልባጅ ተራ የሚገኝ ስስ የፖሊስተር ማሊያ ከባና ሥር ሲለበስ ከጥጥ ሸሚዝ የተሻለ ያገለግላል፤ ክሩ ውኃ ስለማይመጥ ላቡ ወደ ውጭኛው ሱፍ ይሻገራል፣ ማሊያውም ቶሎ ይደርቃል። አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ ግን አለ። ፖሊስተር በ260 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ ከቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱፍ በአንፃሩ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ እሳቱ ሲርቅም ይጠፋል። ከምድጃ ዳር ተቀምጦ ለሚያመሽ ሰው፣ በተለይ ለሕፃናት፣ ማሊያውን ቀድሞ ማውለቅ ይገባል።

ወደ በረዶ አገር የሚሄድ አንባቢ በየመደብሩ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ የሆነ የውስጥ ልብስ ያያል። የዚህ ልብስ ዋና ብልጫ ወገብ ላይ ነው። ሁለት ክፍል ያለው ልብስ ሰውየው ሲጎነበስ ወይም ሲወድቅ ይከፈታል፤ የሞቀው አየር ይወጣል፣ በረዶ ይገባል። ቁልቁለቱን ተንሸራቶ፣ መልሶ በኬብል በሚጎተት ወንበር ላይ በነፋስ መካከል ተቀምጦ ለሚወጣ ሰው ወጡ ይሻላል። ጉድለቱ መጸዳጃ ቤት ሲገባ ይታያል፤ ከኋላው በዚፕ የሚከፈት ካልሆነ የተደረበውን ሁሉ ማውለቅ ግድ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ደረቱና ጀርባው በላብ ሲርስ የላዩን ብቻ መቀየር አለመቻሉ ነው። በመሆኑም ረጅም አቀበት ለሚወጣ፣ በጊሼም ሆነ በአልፕስ ተራራ፣ ሁለት ክፍል ያለውን እመርጣለሁ፤ ደረቁን ቅያሪ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ፣ አፋፉ ላይ ሲደርስ ከነፋስ ተከልሎ ይለውጣል። በርኖሱንም አቀበቱ ሳይጀመር አውልቆ መያዝ እንጂ ካላበው በኋላ ማውለቅ እምብዛም አይጠቅምም።

ወጡን የሚገዛ ሰው ከሱቁ ሳይወጣ ለብሶት ቁጢጥ ይበል፤ እዚያው እንዳለም ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ይዘርጋ። ትከሻውንና ብብቱን ከያዘው ቁመቱ አጥሯል፤ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎ ከገላው ከራቀ ደግሞ ሰፍቷል፤ ገላን ካልነካ ላብን አያነሣም።