ካርቦኑ ያለው ጓዳችን ውስጥ ነው!

እናንተዬ፣ በመጨረሻ ገባኝ! «ዝቅተኛ ካርቦን ያለው የልማት እቅድ» ሲባል የእኛ ሰፈር የቡሹሎ ሰው ዓይኑን ወደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይወረውራል፤ ጭስ ማለት ፋብሪካ ይመስለናላ። ነገሩ ግን ሌላ ነው!

ከቁጥሩ እንጀምር። በ2010 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሙቀት አማቂ ጋዝ ይወጣ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በለመድነው መንገድ ካደግን በ2030 እ.ኤ.አ. ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደርሳለን ብሎ አሰላ። ታዲያ ምን አቀደ? ኢኮኖሚው ይደግ፣ ጋዙ ግን እዚያው 150 አካባቢ ይቁም! ደሞዝ ከዓመት ዓመት ሲጨምር የቤት ወጪው ግን ንቅንቅ አይበል እንደማለት ነው።

ወጪ የሚቆጥብ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ያያል። እኔን ያስደነቀኝ እዚህ ላይ ነው፦ ከዚያ ጋዝ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የመጣው ከግብርናና ከደን ምንጠራ ነበር! ኢንዱስትሪው በጊዜው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚመጣ የእሱም ድርሻ እንዲሁ ትንሽ ነው።

እንዴት ሆኖ? ላም ስታመነዥክ ሆዷ ውስጥ ሚቴን ይፈጠራል፤ በግሳት ይወጣል። ሚቴን ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ሙቀት አማቂ ነው። ዶሮ ግን አታመነዥክም! እቅዱ የዶሮ ሥጋ ድርሻ ይጨምር ያለው ለዚህ ነው። ጥቂት ላሞች ብዙ ወተት ሲሰጡም ያው ነው፤ ወተቱ ሳይቀንስ ጋዙ ይቀንሳል።

ከእቅዱ ሁሉ የወደድኩት ግን የምድጃውን ነገር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ ሲጋገር የእሳቱ ብዙ ሙቀት በየጎኑ ያመልጣል፤ ስለዚህ ማገዶ ይጨመራል፣ ዛፍ ይቆረጣል። ሚርት የሚባለው የተሻሻለ ምድጃ ግን እሳቱን ዙሪያውን ከልሎ ሙቀቱን ወደ ምጣዱ ይመልሰዋል፤ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ያልተቆረጠው ዛፍ ደግሞ ካርቦን መዋጡን ይቀጥላል። ሁለት ጥቅም በአንድ ምድጃ! የጋጋሪዋ ዓይን ከጭስ ማረፉን ሳንቆጥር ነው እንግዲህ።

በእኔ እምነት የሲዳማም ሆነ የየትኛውም ክልል እቅድ ከፋብሪካው በፊት ጓዳውንና በረቱን መቁጠር አለበት። ስለዚህ ቀበሌ ስብሰባ ላይ «አረንጓዴ ልማት» የሚል እቅድ ሲቀርብላችሁ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦ ለስንት ቤት ምድጃ ተይዟል?